በሻለቃ አንጀት የቀናሁበት ሳምንት

ለምወድሽ ለታላቄ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጮኻል ወይስ አደብ ገዛ? እንቅልፍሽስ? ምግቡስ ይበላልሻል? ከሁሉ በላይ ግን ሆድሽ እንዴት ነው? ይቺን የመጨረሻዋን እንደ ሰላምታ ቆጥረሽ እንዳታልፊያት፤ ደብዳቤው የተጻፈው ስለ እሷ ነው። እኔ ከምድጃው ወላፈንና ከአንድ ሰው በቀር የሚያቃጥለኝ የለም፣ ደህና ነኝ።

ባለቤትሽ ደውሎ ሁሉንም ነግሮኛል። ደም ማየትሽን፣ ሐኪሙ «ትልቁ አንጀትሽ በካሜራ ይታይ» ማለቱን፣ አንቺም «እንግዳ መጣብኝ» ብለሽ ቀጠሮውን መሰረዝሽን። ማን የሚባል እንግዳ ነው ብዬ ብጠይቀው «ፍርሃት ነዋ!» አለኝ። አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። አባታችንም «ኪንታሮት ነው፣ ይተወኛል» ሲለን፣ ሲለን፣ እሱ ራሱ ጥሎን መሄዱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን የሚያቃጥለኝን ሰው ላስተዋውቅሽ። አብሮኝ ምድጃ ላይ የሚሠራ ዳቦ ጋጋሪ ነው። የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ሊጡንም እኛንም እኩል ስለሚያዝ ግን «ሻለቃ» እንለዋለን። ይህ ሰው ያንን ምርመራ ቀደመኝ! በአባታችን ምክንያት «ታይ» የተባልኩትና ዛሬ ነገ ስል የከረምኩት እኔ፣ ተኝቶ የተነሣው እሱ። ተመልሶ መጥቶ የዱቄት ኩንታል ላይ ተጎልቶ ጀብዱውን ሲያወራ፣ ካሸሯ ሮጣ ወንበር አመጣችለት። እኔ እጄን ምድጃ የጠበሰኝ ዕለት «ውሃ አፍስበት» ብላ ፊቷን ያዞረች ሴት ናት። ይባስ ብሎ ባለቤቴ ዳቦ ልትወስድ መጥታ ሰማችው። ማታ ራት ላይ «ወንድ ማለትስ እሱ» አለች። እታለም፣ ሰው በሰው ቤት ሲቀና አይቻለሁ፣ በሰው ቁመናም ሲቀና አይቻለሁ። በሰው ትልቅ አንጀት የቀና ግን በዘራችን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። በማግስቱ እሱ የታየበት ሐኪም ቤት ሄጄ ቀጠሮ ያዝኩ።

ነርሷ ደንቡን ነገረችኝ፤ አንቺም ያንቺዋን ጠይቂያት። ቀደም ካሉት ቀናት ጀምሮ ፍሬና ቅንጣት ያለው ነገር አይበላም። በዋዜማው ጭራሽ ጠጣር ነገር የለም፤ ውሃ፣ ወተት ያልነካው ሻይ፣ የተጠለለ መረቅ ብቻ። ቀይ መጠጥ አይነካም፣ ካሜራው ላይ ደም ይመስላላ። የምትወስጂውን መድኃኒት፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ከሆነ፣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሻለቃ ዋዜማውን ቤቱ ተጋድሞ ነበር ያሳለፈው። እኔ ልበልጠው ብዬ አንጀቴን አስሬ፣ ትኩስ ዳቦ ፊት ቆሜ ዋልኩ። ጀግንነቴን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ማታ መድኃኒቱ መጣ። ዕድሜ ልኬን ዱቄት በውሃ ሳቦካ ኖሬ፣ ያን ዕለት ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እኔን አቦካኝ። ጣዕሙ ሎሚ የተጨመቀበት የጨው ውሃ ነው፤ አቀዝቅዘሽ ጠጪው፣ ይሻላል። ከዚያ በኋላ መጸዳጃ ቤቱ ቤተ መንግሥቴ ሆነ። ደጅ ጠኚ ቢመጣ እንኳ ከዙፋኔ ሳልነሣ ነበር የማነጋግረው። ባለቤቴ ከበሩ ማዶ ቆማ «ሻለቃም እንዲህ ቆይቶ ይሆን?» አለች። እዚያም ድረስ ተከተለኝ!

በማግስቱ ጀርባው የተከፈተ ቀሚስ አለበሱኝ። የሰው ክብር ከፊት ለፊት ብቻ እንደሚጠበቅ ያኔ ገባኝ። በግራ ጎኔ አስተኝተው ጉልበቴን ወደ ሆዴ እንድሰበስብ አደረጉኝ፤ የሚያስተኛው መድኃኒት በደም ሥሬ ገባ። «ሻለቃ እዚህ ጋ ሲደርስ ምን አለ?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ብከፍት፣ ነርሷ «አልቋል፣ ይንቁ» አለችኝ። ይኸው ነው እታለም። ስፈራው የኖርኩት ነገር አፌን ከፍቼ ሳልዘጋው አለፈ። ሆድ ውስጥ የገባው አየር ብቻ ይቀራል፤ «ይልቀቁት፣ አይፈሩ» ይሉሻል። ከመጋረጃው ማዶ የነበረው ሰውዬ ከእኔ አስበልጦ አሰማና «ጎበዝ!» ተባለ። በእሱም ቀናሁ።

ሐኪሙ ግን ኮስተር ብሎ «ሰሊጡ ከየት መጣ?» አለኝ። ለካ ስንቆላ ስንጋግር በሰነበትንበት ሁሉ ሰሊጥ ስቀምስ ኖሬያለሁ! ጋጋሪ የሰሊጥን መብሰል በዓይኑ አያምንም፤ ቆንጠር አድርጎ በጥርሱ ነው የሚያረጋግጠው። እጄ ሳላዘው አፌ ድረስ አመላልሶታል። «የሻለቃ አንጀት እንደ መስታወት ነበር፣ የእርስዎ ግን ልክ እንደ ዳቦዎ ሰሊጥ ተነስንሶበታል» ብላ ነርሷ ሳቀች። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ በውሃ እያጠበ ሲያይ፣ ከሰሊጦቹ አንዱ አልታጠብም አለው። ሰሊጥ አልነበረም። ትንሽ ቡቃያ ሥጋ ነበረች። ተኝቼ ሳለሁ እዚያው ቆርጦ አወጣት፤ ምንም አልተሰማኝም። ውጤቷ ሲመጣ ካንሰር አይደለችም፤ ዓመታት ብትቀመጥ ግን ልትሆን ትችል ነበር አለኝ። የአባታችንም እንዲህ ሳይጀምር አልቀረም።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እጅጌዬን እንደያዘች ቤት ደረስን፤ ስለ ሻለቃም ምንም አላለች። ሻለቃ ግን ዳግም ለመታየት ከአሥር ዓመት በኋላ ሲቀጠር እኔ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስኪ ይህ ፍትሕ ነው? በወሬው ባያቃጥለኝ ኖሮ እስካሁን ዛሬ ነገ እያልኩ ነበር። ይህን ለእሱ እንዳትነግሪብኝ፤ ኩንታሉ አይበቃውም።

ሐኪሙ ወንድም እህት እንዳለኝ ጠየቀኝ። «አንዲት አለችኝ፣ በሁሉም የምትበልጠኝ» አልኩት። እውነቴን ነው። የአባታችን ጭን ያንቺ ነበር፣ የእናታችን ድምፅ ላንቺ ወጣ፣ እኔ የደረሰኝ ጆሮዋ ነው። በሕይወቴ አንዴ ቀደምኩሽ፤ ዝም ብለሽ ልታይኝ ነው? «ይህ ሊጥ አቡኪ ከእኔ በለጠ» አትይም? ቀጠሮውን መልሰሽ ያዢ።

ለባለቤትሽ፣ ስላሳበቀልኝ ተባረክ በይልኝ፤ ያን ቀን አጅቦ ወስዶ የሚመልስሽም እሱ ነው። ለትልቋ ልጅሽ፣ የእናቷን ስልክ እንዳትደብቅ፣ ከሐኪም ቤት ይደወላል። ለትንሹ፣ አጎትህ ፈርቶ አላለቀሰም በይው፤ ይመነኝ። ለአማትሽ ጤና ይስጥልኝ፤ ሰሊጥ ያለበት ዳቦ ይደብቁልሽ።

እንደ መስታወት ከሆንሽ ደግሞ፣ እታለም፣ ዕለቱን ደውለሽ ጉራሽን ንዢብኝ። ሻለቃን ችዬ የለም እንዴ? አንቺንም እችላለሁ። እባክሽ አስቀኚኝ።

ታናሽሽ

ከዳቦ ቤቱ ጓዳ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ምድጃው ሲበርድ