ኔትወርክ የለም ያልኩባቸው ቀናት

ሰኞ፣ የካቲት 3

ደብተሩን ከገዛሁት ወር ሆኖኛል። ምን ይጻፍበታል? የሚጻፍ ሕይወት ያለኝ አይመስለኝም... እስቲ ዛሬን ልሞክር።

ጠዋት የባንኩን ወለል ወለወልኩ። ለዘጠኝ ሰው ሻይ አፈላሁ። ሥራ አስኪያጁ ስኳር አይወዱም፣ ገንዘብ ከፋይዋ አራት ማንኪያ ትፈልጋለች። ቀኑን ሙሉ ከ"እሺ" ሌላ ቃል አልወጣኝም። ዘበኛው "አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ካዝና ውስጥ ቆለፉብሽ እንዴ?" አሉኝ። ሳቅኩ። መልሱ የመጣልኝ ቤት ስደርስ ነው።

ቤት ስገባ አክስቴ ትንጎራደዳለች። አከራያችን የምንኖርባቸውን ሁለት ክፍሎች ልትሸጥ ነው። "አሥራ ሁለት ዓመት ኖራችሁበታል፣ ቅድሚያው የእናንተ ነው። እስከ መጪው ሳምንት አርብ ካመጣሽ ያንቺ፣ ካለፈ ግን ሌላ ገዢ አለኝ" ብላታለች። አክስቴ ገንዘቡ አላት። ልብስ እየሰፋች ያጠራቀመችው ነው። ድሮ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነበር የምታኖረው። ባንክ አስገቢው ያልኳት እኔ ነኝ። "አንቺ ካለሽበት ማን ይነካዋል?" ብላ አስገባች።

ቤት ሊኖረን ነው። እኛም!

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ወፍጮ ቤት ያለው ነጋዴ መጣ። ከኋላው ሁሉም "ዱቄቱ" ይሉታል። የሚገባው በጓሮ በር ነው። ሻይ ይዤ ስገባ ሥራ አስኪያጁ "የድሮውስ ብድር?" ይላሉ። እሱ ይስቃል። "ጌታዬ፣ ላም ሳትበላ ትታለባለች እንዴ?" ሁለት ከረጢት ጥሬ ገንዘብ ጭኖ ሄደ።

ከፋይዋ ብርጭቆዋን ስትመልስልኝ አጫወተችኝ። አዲስ ብድር ሰጥተውት፣ ከሱ ላይ የድሮውን ቆርጠው፣ የተረፈውን ነው የወሰደው። "ባይሰጡት አይከፍልም። ካልከፈለ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። አሁን ወረቀት ላይ ጨዋ ተበዳሪ ሆነ።"

አምና አክስቴ ለአንዲት ተጨማሪ የስፌት መኪና ብድር ብትጠይቅ "ስጋት አለው" ብለው መለሷት። ስጋቷ አክስቴ ናት... እሺ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ካዝናው ሊራቆት ምንም አልቀረውም። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚላከው ገንዘብ አልመጣም። ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና ነጭ ሰሌዳ ሰጡኝ። በቀይ ተጽፎበታል፦ "ኔትወርክ የለም። ይቅርታ እንጠይቃለን።" በሩ ላይ ስቀይው አሉኝ።

ኮምፒውተሮቹን አየሁ። ሁሉም ይሠራሉ።

ፊቴን አይተው መሰለኝ አስቀመጡኝ። "ሰው ያስገባው ገንዘብ እዚህ ተኝቶ የሚጠብቀው ይመስልሻል? አብዛኛው በብድር ወጥቷል። ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ነው የምናስቀረው። ገንዘብ አለቀ ብንል ወሬው ከተማውን ያዳርሳል፣ ነገ አሥር እጥፍ ሰው ይመጣል፣ ያኔ ለማንም አይተርፍም። ኔትወርክ የለም ካልን ግን የሚደነግጥ የለም።" ቀጥለውም "ዝምተኛ ስለሆንሽ ነው ላንቺ የነገርኩሽ" አሉ።

ደስ አለኝ። ዝምታዬን እስከ ዛሬ ማንም አመስግኖት አያውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

አክስቴ የያዘችውን የሰው ስፌት አስረክባ፣ የክት ልብሷን ለብሳ ገንዘቧን ልታወጣ መጣች።

"ኔትወርኩ እውነት ጠፍቶ ነው፣ የኔ ልጅ?"

"አዎ።"

"መቼ ይመጣል?"

"ነገ ሊሆን ይችላል፣ እትዬ። ካልሆነም ከነገ ወዲያ።"

ያን ሁሉ ቃል ከየት አመጣሁት?

ብነግራትስ ምን ትፈይዳለች? ገንዘቡ እንደሆነ የለም። ከማስደንገጥ በቀር...

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ወረፋው እስከ መድኃኒት ቤቱ ደርሷል። ገንዘብ ሊያስገባ የመጣውን ግን ዘበኛው በጎን ያስገቡታል። አንድ ሽማግሌ አይተው "የዚህ ቤት ኔትወርክ ጉድ ነው! ስናስገባ ጤነኛ፣ ስናወጣ በሽተኛ" አሉ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። አክስቴም ሳቀች። ከኋላዋ ለቆመችው ሴት "ልጄ እዚህ ነው የምትሠራው፤ ውሸት ቢሆን ትነግረኝ ነበር" አለቻት።

ሻይ ማፍያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አርብ፣ የካቲት 14

አክስቴ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆመች። እግሯ አብጧል። አብረን ተመለስን። አከራያችን በር ላይ ጠበቀችን። "እህቴ፣ ቃል ቃል ነው። በመጣሽ ቁጥር ኔትወርክ ትይኛለሽ። ኔትወርክ ተቀብዬ ቤት አልሸጥም።" ሌላው ሰው ቀብድ ሰጥቷል። በአሥር ቀን ልቀቁ አለች።

አክስቴ አላለቀሰችም። መቀሷን አንስታ የጀመረችውን ቀሚስ መቁረጥ ቀጠለች። ጠማማ አድርጋ ቆረጠችው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ዛሬ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ገንዘብ ትናንት መጣ። ሰሌዳውን አወረድኩ። ለከፋይዋ የቤቱን ነገር ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት እንጃ። ሻይዋን ማማሰል አቆመች።

"አከራያችሁ ሂሳቧ እኛ ጋ አይደል እንዴ? ኪራይ በየወሩ የምታስገባው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ከአክስትሽ ሂሳብ ወደሷ ማዛወር ነበር እኮ! ለዚያ አንድ ኖት ከካዝና አይወጣም። አምስት ደቂቃ ነው።"

"ለምን አላዛወራችሁላትም?"

"ኔትወርክ የለም ብለን? ወረፋው አይጮህም? ደግሞ አልጠየቀችማ።"

አልጠየቀችም... እንዴት ትጠይቅ? ኔትወርክ ለማዛወርም ያስፈልጋል። የለም ያልኳት እኔ ነኝ። እውነቱን ብነግራት ምን ትፈይዳለች ብዬ ነበር። ቤት ትገዛ ነበር!

ገንዘብ ላለቀበት ባንክ ስም ሲባል ጥሬ ገንዘብ የማይጠይቀውን ሥራ ዘጉባት። እኔም በሩ ላይ ቆሜ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ገባን። አንድ ክፍል፣ ከመኪና ጋራዥ በላይ። የስፌት መኪናዋ ከአልጋው ጋር ተጣብቆ ነው የቆመው፤ እሷ ስትሰፋ እኔ እግሬን አጥፌ እተኛለሁ። በያዘችው ገንዘብ የሚሸጥ ሌላ ቤት ጠየቀች፣ የለም።

"የጎዳን ኔትወርኩ ነው። አንቺ ምን አጠፋሽ?" ብላ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ዱቄቱ ዛሬም በጓሮ በር መጣ። ይዞ የሄደው ከረጢት ሦስት ነው። ሥራ አስኪያጁ ከሸኙት በኋላ "ነገ ደመወዝ የሚወጣበት ቀን ነው፣ ካዝናው አይበቃም። ሰሌዳውን በጠዋት" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። አፌ ለምዶ።

አልሰቅልም ማለት አልችልም። ራሴን አውቀዋለሁ። እሰቅለዋለሁ። ከዚያ ግን ወረፋው ውስጥ እገባለሁ፣ ከመጨረሻው ሰው እጀምራለሁ፣ በጆሯቸው፣ አንድ በአንድ። ጥሬ ገንዘብ ነው የሌለው። የሚከፍሉት ሰው እዚህ ሂሳብ ካለው ይዛወርልኝ ይበሉ። ለስንቱ እንደምደርስ አላውቅም። ያባርሩኛል። የዚህች ክፍል ኪራይ የሚከፈለው በኔ ደመወዝ ነው፣ እሱንም አስቤዋለሁ...

ይህን ሁሉ ለማላውቀው ሰው መናገሩ ይቀለኛል። የሚከብደኝ የመጀመሪያው ነው። ነገ ጠዋት አክስቴ መኪናዋ ጋ ሳትቀመጥ፣ እኔም ከቤት ሳልወጣ፣ ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ፦ ኔትወርኩ ይሠራ ነበር፣ እትዬ። አውቅ ነበር።