እናታችንና የተዘጉት ቤቶች

እናታችን በሳሎኑ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው እርሳስ በምላጭ እየቀረጹ ነበር። ፍቅፋቂው እንዳይበተን ከሥሩ የስኒ ማስቀመጫ አድርገዋል። ከፊታቸው ሦስት ጥናቶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ አንዱ ስለ አፈርና ውሃ፣ አንዱ ስለ ሰብል፣ አንዱ ስለ ሰዎች ኑሮ። እርሳሱ ገና በግማሽ እንደ ተቀረጸ ምላጩን አስቀመጡና "ጎኔን ወጋኝ" አሉ። ሕመማቸው የጀመረው በዚያ ቀን ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት የኖሩትን ሕይወት ከመነሻው እናስታውሳለን።

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. በወንዝ ዳር ባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። ያደጉበት ቤት ከገበያው ጀርባ የነበረ፣ የስፌት መኪና ድምፅ የማይጠፋበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በ1967 ዓ.ም. ግብርና ኮሌጅ ገቡ። አባታቸው "ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ካስተማሩሽ ለእኔም ንገሪኝ፤ የተሰጣውን ልብስ ቀድሜ ላስገባ" እያሉ ይቀልዱባቸው እንደ ነበር እናታችን ሲተርኩ ሰምተናል።

በ1971 ዓ.ም. ተመርቀው በአንድ የምርምር ተቋም የአፈር ላቦራቶሪ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ሥራቸው በየከረጢቱ የሚመጣውን አፈር ማድረቅ፣ መንፋትና መመዘን ነበር። ወደ ሰብል ክፍል ተዛውረውም ለዓመታት ሠርተዋል። ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የተለያዩ ቡድኖች ያጠኑትን አንድ ላይ አንብቦ የጋራ መደምደሚያ መጻፍ የእሳቸው ኃላፊነት ሆነ። የሥራ ባልደረቦቻቸው "እትዬ በአጠቃላይ" ብለው ይጠሯቸው ነበር። ይህ ቅጽል የወጣላቸው "በአጠቃላይ" የሚለውን ቃል ባገኙበት ሁሉ ስለሚሰርዙት ነው።

በ1975 ዓ.ም. የጥናት ቡድኖቹን ወደ መስክ ይወስዱ ከነበሩት ሾፌር፣ ከአባታችን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። አባታችን ያኔ የተናገሩት እስካሁን በቤታችን ይደገማል፦ "እናንተ ሦስት ዓመት አጥንታችሁ 'ሊሆን ይችላል' ትላላችሁ። እኔ መንገዱን አንዴ አይቼ 'አይኬድም' እላለሁ።" እናታችንም "ስንት ጊዜ ጭቃ ውስጥ እንዳስቀረኸን ግን አትናገርም" ይሏቸው ነበር።

እናታችን ማንኛውንም መደምደሚያ ከመጻፋቸው በፊት የቡድኖቹን ኃላፊዎች በአንድ ክፍል ያስቀምጡ ነበር። የአፈር ተመራማሪው የራሱን ሳይሆን የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያዋን ግኝት ይናገራል። እሷ ደግሞ የሰብል ባለሙያውን ግኝት ትናገራለች። ባለቤቱ "አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው" እስኪል ድረስ ከክፍሉ የሚወጣ የለም። ቤታችንም ከዚህ አልተረፈም። ስንጣላ ታላቅ ወንድማችን የእህታችንን ክስ፣ እህታችን የእሱን ክስ እንዲናገሩ ይገደዱ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ጠቡ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደን ነበር።

በ1999 ዓ.ም. እናታችን ስለ አንድ ሸለቆ የተደረጉትን ሦስት ጥናቶች አጠቃለሉ። ገደላማው የግጦሽ መሬት ከከብት ንክኪ ተከልሎ ዛፍ ተተክሎበት ነበር። የአፈር ቡድኑ መሬቱ አገግሟል አለ። የሰብል ቡድኑ ከሥር ያሉት ማሳዎች ምርት ጨምሯል አለ። የማኅበራዊ ጥናት ቡድኑም የተጠየቁት ቤተሰቦች ኑሯቸው ተሻሽሏል አለ። ሦስቱም መልካም ነበሩና እናታችን መልካም ነው ብለው ደመደሙ። ጽሑፉ ተመሰገነ። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም በስንብት ንግግሩ ላይ የተጠቀሰው ይኸው ሥራቸው ነበር።

ጡረታ በወጡ በአምስተኛው ዓመት ከከተማው ዳር፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ቲማቲም ከምትሸጥ ሴት ጋር ወሬ ጀመሩ። ሴትየዋ ከዚያ ሸለቆ የመጣች ነበረች። እናታችን ደስ ብሏቸው "እዚያማ መሬቱ አገግሟል አይደል?" አሏት።

"መሬቱማ አገግሟል፣ እትዬ። ያላገገምነው እኛ ነን። ላሞቹን የት እናግጣቸው? ሸጠን ወጣን።"

"ለጥናት የመጡት ሰዎች አልጠየቋችሁም?"

"ሲመጡ እኛ የለንማ። በሩ ተዘግቶ ምን ይጠይቃሉ?"

እናታችን ቲማቲሙን ሳይዙ ወደ ቤት ተመለሱ። በማግስቱ ለማኅበራዊ ጥናት ባለሙያዋ ደወሉላት። እሷም የተዘጋ ቤት ሲገጥማቸው ወደሚቀጥለው ቤት ማለፍ ደንባቸው እንደ ነበር ነገረቻቸው። እናታችን ደንቡ የታወቀ መሆኑን፣ እሳቸውም ያኔ ያውቁት እንደ ነበር መለሱላት። ጥፋቱ ያለው የቀሩት ሰዎች የሰጡትን መልስ የሁሉም መልስ አድርጎ በደመደመው ምዕራፍ ላይ ነበር። ያንን ምዕራፍ የጻፉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ተቋሙ በዚያ መደምደሚያ ተመርኩዞ ሁለተኛውን ሸለቆ ለመከለል በዝግጅት ላይ ነበር። እናታችን ወደ ዳይሬክተሩ ሄደው ምዕራፉን እንዲያርሙ ጠየቁ። ዳይሬክተሩ በእናታችን እጅ ሥራ የለመዱ ሰው ናቸውና "እትዬ፣ አሁን እኮ ማረፍ ነው ያለብዎት" አሏቸው። እናታችንም "ይኼን ሳላርም እንዴት አርፋለሁ?" አሉ። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ድረስ ጊዜ ተሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ አባታችን አሮጌ መኪናቸውን አስነሥተው በየከተማው ዳርቻ ይዘዋቸው ዞሩ። ከሸለቆው የወጡትን በቆርቆሮ ቤቶች፣ በግንባታ ቦታዎች፣ በመኪና ማጠቢያዎች አገኟቸው። አንዱ የቀን ሠራተኛ "አሁን ነው የምትጠይቁን?" ሲላቸው እናታችን "አዎ፣ ዘገየን" ብለው በቀረበላቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያዘኑት ሁሉም አይደሉም። ከተማው ተስማምቶናል ያሉም ነበሩ፤ እናታችን የእነሱንም ጻፉ።

በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው ሕመም የጀመራቸው ይህንን ሁሉ ከሦስቱ ጥናቶች ጋር ሊያገናኙ በተቀመጡበት ቀን ነው። ሐኪሞቹ በሽታው ጉበታቸው ላይ መድረሱን ነገሩን። ለእሳቸው እንዴት እንደምንነግራቸው ስንጨነቅ እሳቸው ቀድመው ያውቁ ነበር። በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው በሚያይ ክፍል ውስጥ ቀሪውን በቃላቸው አጻፉን። ሲደክማቸው እንቆማለን፤ ሲነቁ እንቀጥላለን። የመጨረሻው ምዕራፍ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ "መሬቱ አገግሟል። ምርቱ ጨምሯል። የቀሩት ሰዎች ደህና ናቸው። የሄዱትን ቀደም ሲል አልጠየቅንም ነበር።" እህታችን መልሳ ስታነብላቸው "አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው" አሉ። ታላቅ ወንድማችን ጽሑፉን በዚያው ዕለት ለተቋሙ አደረሰ።

እናታችን በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከክፍሉ ስንወጣ አንዷ ነርስ የማን ነው ብላ ነጠላ ጫማቸውን ሰጠችን። ተቀበልን።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩ ወደ ቤት ደወሉ። ማረፋቸውን አልሰሙም ነበር። ኮሚቴው የታረመውን ምዕራፍ እንዳነበበ፣ በሁለተኛው ሸለቆ ከብት ያላቸው ሰዎች ሁሉ ሳይጠየቁ መሬቱ እንዳይከለል መወሰኑን ለአባታችን ነገሯቸው። አባታችን "እሺ፣ እነግራታለሁ" ብለው ስልኩን ዘጉ።

እናታችን የአንድ ወንድና የሁለት ሴቶች ልጆች እናት እንዲሁም የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። አባታችን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውና አንድ እህታቸው በሕይወት አሉ። ይህንን ታሪክ ያዘጋጀነው የቀረነው ነን። የእሳቸውን ስህተት እንጻፍ ወይስ እንተው በሚለው ልጆቻቸው አልተስማማንም ነበር። እንደ ለመድነው አንዳችን የሌላችንን ሐሳብ ከተናገርን በኋላ ይጻፍ አልን። እሳቸውን ግን መጠየቅ አልቻልንም።

ሰውን ሁሉ ለመስማት የደከመች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን። ለእኛም የተዘጋን በር ዝም ብሎ የማያልፍ ልብ ይስጠን።

ይህ ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ በቤታችን ተነብቦ ሲያልቅ አባታችን ከጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተቀረጸውን እርሳስ አነሡ። በምላጩ ቀርጸው ጨረሱት። ፍቅፋቂውን ደፍተው እርሳሱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት።