የእናቴን ፍሉ በድምፅ ብልጫ ላከሙት ለእድራችን ሊቀመንበር

ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ ጀማነህ፣ የእድራችን ሊቀመንበር፤
ሉዊስ ሴንተር

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ ህብረት፣ የወይዘሮ ማንያህልሻል ልጅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ከስድስት ቀን የሆስፒታል ቆይታ በኋላ ትናንት ክሊንተንቪል ወዳለው ቤታችን ተመልሳ፣ ከወንበሯ እስከ መስኮቱ ሳታርፍ መሄድ ችላለች። የእርስዎ ጤና ፈጥኖ እንደተመለሰም ሰምተናል፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። ደብዳቤውን በእድሩ ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬ በጓዳ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፈጣን ጥየቃዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት እናቴን ትኩሳት ያዛት። ሐኪሟ መርምራ ፍሉ መሆኑን ነገረችን፤ ሰባ አራት ዓመቷ ስለሆነና አስምም ስላለባት ታሚፍሉ የተባለውን የፍሉ መድኃኒት ዛሬውኑ ትጀምር፣ ሁለት ቀን ካለፈ ጥቅሙ ይቀንሳል አለች። ጉዳቱንም አልደበቀችም፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሊኖር ይችላል፣ እንደኔ ላለ ጤነኛ ሰው ሕመሙን ቢያሳጥር አንድ ቀን ገደማ ነው፣ ለእናቴ ግን ሚዛኑ ወደ መውሰዱ ያደላል አለችን። እናቴን ቤት አሳርፌ ከፋርማሲ አሥሩን እንክብል በብልቃጥ ይዤ ስመለስ፣ እርስዎ ዘጠኝ ሰው አስከትለው አልጋዋን ከበው ነበር። ፍሉ የያዘው ሰው አጠገብ ያለ ማስክ መቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ብልቃጡን ከእጄ ተቀብለው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ አብሮት የተሰጠውን ወረቀት ስላነበቡልን አመሰግናለሁ። ስለ ጉዳቱ የተጻፈውን ጮክ ብለው፣ ስለ ጥቅሙ የተጻፈውን በልብዎ አነበቡት። ቀጥለውም «ይሄ ነገር ኢሚዩን ሲስተሟን ዳውን ያደርገዋል፤ ለአንድ ቀን ብሎ ማን ሆዱን ያበላሻል? ቆይ፣ ዲስከስ እናድርግበት» ብለው ብልቃጡን ኪስዎ ከተቱት። እናቴ ሽማግሌ ቆዪ ካላት የምትቆይ ሴት ናት፤ ብለምናትም ባለቅስባትም፣ ጋሼ ጀማነህ ሳይፈቅዱ አልውጥም አለችኝ። ያን ብልቃጥ ከኪስዎ አለመንጠቄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕግ አክባሪነትዎ። ረቡዕ በዙም የተጠራው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ወደ ሐሙስ ተላለፈ። ሐሙስ በሰባት ድጋፍ፣ በእኔና በአባላችን በነርሷ በቤተልሔም ተቃውሞ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እንዲቀድም ተወሰነ። ሰባቱም ከዚህ ቀደም ፍሉ ይዟቸው በሻይ የተነሱ ጎልማሶች ናቸው፤ ለራሳቸው ሳንባ የበቃውን ለእናቴ ሳንባ አጸደቁላት። ብልቃጡም ማንም እንዳይሳሳት በአደራ እርስዎ ዘንድ እንዲቆይ ቃለ ጉባኤ ተያዘ።

አርብ ጠዋት እናቴ ትንፋሽ አጥሯት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። በአምቡላንስ ተወሰደች። ሐኪሞቹ ኦክስጅን ሰክተው፣ ቢዘገይም ይሞከር ብለው፣ ያንኑ መድኃኒት ወዲያው ሰጧት፤ እጅ ይውጣ ያለ አልነበረም። በጊዜው ብትወስደው ኖሮ ሆስፒታል አትገባም ነበር ብዬ አልምልም፤ ሐኪሞቹም አይምሉም። ዕድሏን ግን ወሰዳችሁባት። በጣም ፈርቼ ነበር፣ ጋሼ።

አራተኛ፣ በዚያው አርብ ከሰዓት የእድሩ የቀብር ክፍል፣ ያለ ምንም ስብሰባ፣ አዳራሽ ይያዝ ወይ ብሎ ስለ ደወለልኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ፍጥነታችን የሚያኮራ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሉኝ እንጂ፣ ከእንግዲህ እድራችን በዚሁ በሚችለው ሥራ እንዲወሰን፣ ሰው በሕይወት ሳለ ግን ለሐኪሙ እንዲተውልን በትሕትና እለምናለሁ።

እጅ ነስቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣
ድምፄ የተቆጠረ እንጂ ያልተሰማ የእድርዎ አባል፣
ህብረት

የተረሳ ነገር፦ ባለቤትዎ እትዬ መስከረም እናቴን ሆስፒታል ሊጠይቁ መጥተው በቅንነት እንዳጫወቱን፣ ቅዳሜ ጠዋት ትኩሳት ሲጀማምርዎ በአደራ ያስቀመጡትን ብልቃጥ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከፍተውታል። ምልዓተ ጉባኤው አንድ ሰው ነበር፤ ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ አለፈ። ትንሽ አቅለሽልሾዎት በሦስተኛው ቀን ተነሥተዋል አሉ፤ እንኳን እግዜር ማረዎት። ጥቅሙንም ጉዳቱንም በእናቴ ፈንታ ቀምሰውላታልና፣ ባዶውን ብልቃጥ ይመልሱልን፤ የተጻፈበት ስም የእሷ ነው።