ኮምፒውተሩን ያለበስኩት ዳንቴል

ይድረስ ለልጄ ለሐመልማል፤

በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይከተልሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክልሽ። እኔ ደህና ነኝ። የካ ዝናቡ በርትቷል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የአጥራችንን ጥግ ንዶት ጎረቤታችን ማቲዎስ ጠገነልኝ። እዚያስ ብርዱ እንዴት ነው? ወፍራም ልብስ ትለብሻለሽ?

ለአባትሽ ሙት ዓመት፣ ሲያዜም የቀዳሽውን ድምፁን ለማኅበራችን ሽማግሌዎች በሲዲ ልሰጣቸው አሰብኩ፤ ቴፓቸው ከሲዲ ሌላ አያጫውትም። አሮጌው ኮምፒውተርሽ ግን አንዷን ሲዲ ለመገልበጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ አንዳንዷንም መሃል ላይ ያበላሻታል። ማቲዎስ ሌላ ዓይነት ሲዲ ሞከረ፣ የተከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋ፤ ለውጥ የለም። በኋላ ኮምፒውተሩን ያለበስኩትን ዳንቴል ላስተካክል እጄን ባሳርፍበት፣ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፋጃል። አቧራ እንዳይነካው ብዬ፣ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ሸፍኜበት ኖሬአለሁ። ገልጬው ሲበርድ ሲዲው ቶሎ ቶሎ ይወጣ ጀመር። የአባትሽ ድምፅ ለሁሉም ደረሰ።

ዳንቴሉን አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ፣ በልተሻል ወይ፣ የት ነሽ፣ ከማን ጋር ነሽ እያልኩ በየማታው መደወሌን አሰብኩ።

ከእንግዲህ በየማታው አልደውልም። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ እሱ ሳያፍን መጠበቅ ያውቃል። እሑድ እሑድ ግን፣ ሲመችሽ፣ አንቺ ደውዪልኝ።

እናትሽ አስካለ