የጠዋት ፎልደር፣ የከሰዓት ፎልደር

ጥቅምት 3

ጠዋት አራት ድመት፣ አንድ በግ፣ አንድ ኤሊ። ኤሊውን ምን እንዳመመው ሐኪሙም አላወቀም። ባለቤቱ «ሰሞኑን ቀዝቀዝ ብሏል» ይላል። ኤሊ ደግሞ መቼ ሞቅ ብሎ ያውቃል?

ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ጽፌ ሴቭ አደረግኩት። ቆይቼ ስፈልገው የለም። የድመቶቹም የለም። ከጠዋት ጀምሮ የጻፍኩትን በሙሉ ውሃ በላው። ግማሽ ሰዓት ስባዝን ቆይቼ የት ባገኘው ጥሩ ነው? «የከሰዓት» የሚል ፎልደር ውስጥ። የሷ ፎልደር!

እኔ የምሠራው ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከሰባት ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ታናሽ እህቴ ናት። ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። ሐኪሙ ፈረቃችንን የለየው በር ላይ እንኳ እንዳንገጣጠም ብሎ ነው። «እኔ የማክመው እንስሳ ነው፤ የናንተን ጠብ አልችልም» አለን ያኔውኑ።

አውቃ ነው። የተጻፈው ሁሉ በራሱ እሷ ፎልደር እንዲገባ አድርጋ አስተካክላዋለች። በኔ ልፋት ፎልደሯን ልታደልብ!

ጥቅምት 4

ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ደወልኩ።

«እማማ፣ ፋይል የሚለውን ይንኩት።»

እማማ? ገና ሃምሳ እንኳ አልሞላኝም። ዋጥ አደረግኩት።

«ነካሁት።»

«ምን መጣ?»

«ምንም።»

«በምን ነኩት?»

«በጣቴ ነዋ!»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር... ከዚያ «በማውሱ እማማ፣ በማውሱ» አለ።

በስንት መከራ ደረስንበት። ፋይል፣ ከዚያ አማራጭ፣ ከዚያ ሴቭ። እዚያ አንዲት ረጅም ሳጥን አለች። ፋይል ሁሉ ሳይጠየቅ የሚሄድበት ቦታ እሷ ላይ ተጽፏል። የሷን አጠፋሁና «የጠዋት» ብዬ የኔን ጻፍኩ። እሺ የሚለውን ስጫን ደስታዬ... ልጅ ያስመረቅኩ ነው የመሰለኝ።

ጥቅምት 5

መልሳዋለች።

ጥቅምት 6

መለስኩት።

ጥቅምት 9

ደግማ መልሳዋለች። እንዲህ እየተመላለስን የት ልንደርስ? አዲስ ፎልደር ከፈትኩ። ስሙን «አይነካም» አልኩት። ረጅሟ ሳጥን ላይም እሱኑ አስገባሁ። ማንበብ ትችል የለ?

ጥቅምት 10

«አይነካም» አጠገብ ሌላ ፎልደር ተቀምጧል። «ማን ነካው» ይላል።

ሳላስበው ሳቄ መጣ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ሐኪሙ አየኝና «ምነው?» አለ። ሳል ነው አልኩት። የሳል ሽሮፕ ሊሰጠኝ ነበር፤ የፈረስ።

ጥቅምት 13

«የነካው ራሱን ያውቃል» ብዬ ከፈትኩ። ጥሩ መልስ ናት። ቤት እስክገባ ድረስ ራሴን ሳደንቅ ነበር።

ጥቅምት 15

«እግር ቆራጭ።»

እንዲህ ነው የጻፈችው። ይቺ ቀልድ አይደለችም... ነገሩ ቁም ሳጥኑ ነው።

እማዬ ስትሞት ቁም ሳጥኗን እኔ እንድወስደው ተስማማን። አመጣሁት። የቤቴ በር ግን አላስገባ አለ። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ማጋደም አልተቻለም። ተሸካሚዎቹ ቢሉ ቢሠሩ እምቢ። በመጨረሻ አናጢ ጠራሁና አራቱንም እግሩን በመጋዝ አስቆረጥኩ። እሷ የደረሰችው ልክ ያን ጊዜ። እግሮቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል። «የእማዬን...» አለች፤ አልጨረሰችውም። ዞራ ሄደች። በቃ፣ እንደሄደች ቀረች።

ምን ላድርግ ታዲያ? ግድግዳ ላፍርስ?

ጥቅምት 17

«በሩ አላስገባ ብሎ ነው» የሚል ፎልደር ከፈትኩላት። «ምን አማራጭ ነበረኝ?» የሚልም ልጨምር ስል ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ጠጋኙ ጋ ደወልኩ።

«የፎልደር ስም ላይ የጥያቄ ምልክት አይገባም እማማ።»

ለካ ለዚህ ነው! ሁለታችንም መወራወር እንጂ መጠየቅ አልቻልንበትም። ግን እኮ ኮምፒውተር ሳይኖርም ያው ነበርን...

ጥቅምት 18

የሷ፦ «መጠበቅ ይቻል ነበር።»

የኔ፦ «ማንን።»

ጥቅምት 19

«እኔን።»

ቀኑን ሙሉ ያችን ፎልደር ሳያት ዋልኩ። ውስጧ ባዶ ነው። ከፍቼ አይቻለሁ።

ጥቅምት 20

ባዶ ፎልደር ሲያስለቅሰኝ? ተናደድኩ። «ግትር» ብዬ ከፈትኩ። የዛሬው ካርድ ሁሉ እዚያ ገባ።

ረፋዱ ላይ ሐኪሙ መጥቶ ኮምፒውተሩን አየ። ፎልደር በፎልደር ሆኗል።

«ይሄ ‹ግትር› ምንድን ነው? የየትኛው እንስሳ ነው?»

«የአህያ።»

«አህያ መጥቶ ነበር እንዴ?»

«ከሰዓት ከሰዓት ይመጣል።»

ምንም አልገባውም። መነጽሩን ጠርጎ ሄደ። ሁሉን አውቃለሁ ይላል እንጂ...

ጥቅምት 24

ያጠብኩት ልብስ ገና አልተሰጣም። ቢሆንም ልጻፈው።

ከሰዓት ቤት ልብስ እያጠብኩ ስልክ ጮኸ። ስሟን ካጠፋሁት ቆይቷል፤ ቁጥሯን ግን ከልቤ ማን ያጥፋው? አላነሳሁም። ጮኾ ጮኾ ቆመ። ምን አይነት ሰው ነኝ? ደግማ ደወለች። አነሳሁ።

«የነጩ ውሻ ካርድ የት ነው?»

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ነጩ ውሻ የጡረተኛው ፖስተኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪማችን በሌለበት ቀን ተተኪው ሐኪም መርፌ ሲወጋው ፊቱ አብጦ ዱባ አክሎ፣ ለጥቂት ነው የተረፈው። የመድኃኒቱን ስም ካርዱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ጆሮው ላይ የነበረው ቁስል አመርቅዞ፣ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ፖስተኛው ይዞት መጣ።

«የትኛው መድኃኒት ነበር? አስታውሺ!»

«በፔ ነው የሚጀምረው...»

«ሁሉም በፔ ነው የሚጀምረው!»

ከኋላዋ ሐኪሙ ይሰማል። «መርፌ ይዤ ቆሜያለሁ! ልውጋው ወይስ አልውጋው?»

«እኔ ፎልደር ውስጥ እዪው» አልኳት።

«የትኛው?»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። «ግትር።»

«ምን አልሽኝ?»

«ግትር የሚለው ውስጥ!»

«ግትሯ ማን ናት?»

«መጀመሪያ ክፈቺው!»

ከፈተች። የለም። «አይነካም» ውስጥም የለም። «‹ጉረኛ› የሚለውስ?» አለች። «ይሄም እኔ ነኝ?»

«እሱ... እሱ ሐኪሙ ነው።»

ለካ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋው ነበር። «ማን?» ሲል ሰማሁት።

እዚያም የለም። ፖስተኛው «ልጄን፣ ልጄን» እያለ ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን ረጅሟን ሳጥን ሳላይ ነው ሴቭ ያደረግኩት። «አንቺ ፎልደር ውስጥ አይተሻል?» አልኳት።

«እኔ ጋ ምን ይሠራል?»

«እዪዋ!»

ማውሱ ቀጭ ቀጭ ይላል። «አገኘሁት።» የት እንደሆነ አልነገረችኝም። መድኃኒቱን ለሐኪሙ አነበበችለት። «ልወጋው የነበረው እኮ በሱ ነው!» ሲል፣ መርፌው ከብረት ሳህን ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

ብዙ ቆይታ «እትዬ...» አለች።

ታላቋ ስለሆንኩ አፏን ከፈታች ጀምሮ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። ሁለት ዓመት አልሰማሁትም። «እትዬ፣ በሌላ መድኃኒት ወጋው። ደህና ነው።»

ሁለታችንም አለቀስን። ለውሻው ነው። ለውሻው ነው?

ጥቅምት 25

ካርዱ የት እንደነበር ፈልጌ አገኘሁ። «የከሰዓት» ውስጥ ሌላ ፎልደር አለ፤ ከፍቼው የማላውቅ። ያን ቀን ረጅሟ ሳጥን ላይ ያስገባችው እሱን ኖሯል። ስሙ «እግሮቹን እንኳ ብትሰጪኝ»።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ድመት ይዞ የመጣውን ሰውዬ «ውጭ ይጠብቁኝ» አልኩት።

ጥቅምት 28

እሑድ። አልጋ ሥር ገብቼ የእግሮቹን ፌስታል አወጣሁ። ለምን እንዳስቀመጥኳቸው አላውቅም፤ መጣሉ ግን አላስቻለኝም ነበር። ይዤ ቤቷ ሄድኩ። በር ከፈተች። ፌስታሉን አየች። ቆጠረች።

«ሦስት ናቸው።»

«አንዱ የወጥ ቤቴን መስኮት ደግፎ ይዟል።»

ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ «ልምጣና ልውሰደው» አለች። አብረን ወደኔ ቤት። ቁም ሳጥኑን ዞራ ዞራ አየችው። ሳልነግራት መቁረጤ ትክክል እንዳልነበር ነገርኳት። ተለማምጄ የሄድኩት ረጅም ነበር፤ የወጣኝ ግን ይቺ ብቻ። እጇን ሰደደችና ላይኛውን መደርደሪያ ነካችው። እህቴ አጭር ናት፤ ነክታው አታውቅም።

«ደረስኩ!» አለች። «እትዬ፣ ደረስኩ እኮ! እማዬ ብስኩት የምትደብቀው እዚህ ነበር።»

«እኔ እደርስ ነበር።»

«ሌባ!»

ኅዳር 6

ኮምፒውተር ጠጋኙ በአካል መጣ። ልጅ እግር ነው፤ እማማ ቢለኝ አይፈረድበትም። የድሮዎቹን ፎልደሮች ስም እያነበበ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ የሁለታችንም ካርድ የሚገባበት አንድ ፎልደር ከፍቶ ረጅሟ ሳጥን ላይ አስገባው። «ስሙን ማን ልበለው?» አለ።

እኔ «እንስሳት» አልኩ። እሷ «ታካሚዎች» አለች።

«ታካሚ ሰው ነው» አልኳት።

«ሰውማ ስም አለው፣ ስም ለሌለው ነው ታካሚ የሚባለው።»

«ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነገር ነው?»

ጠጋኙ ጠብቆ ጠብቆ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። አንዲት ፍየል የቀጠሮ ደብተሩን ሁለት ገጽ በላች። ሐኪሙ በሩን በርግዶ «በፎልደር ስትሰዳደቡ ቢያንስ ጸጥታ ነበር!» ብሎ ጮኸብን። እሷ «ጉረኛ» አለችው፣ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ።

አልተስማማንም። እስካሁን «አዲስ ፎልደር» ነው የሚለው። ስወጣ ሰዓቴን ባየው ስምንት ሆኗል፤ ሥራዬ ካበቃ ሁለት ሰዓት። ምሳም አልበላሁ።

«ነገም አልስማማም» አለችኝ ከወንበሩ ሳትነሳ።

«ደግ፣ አትስማሚያ!» አልኳት።