ሐዋ የምትሆነው ልጄ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ አልማዝ ድንገት «እኔ ሐዋ ነኝ» እያለች በሶማልኛ ስትናገር ጋኔን ነው ብዬ ሰባት ዓመት ከጸበል ጸበል አንከራተትኳት። ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ሐኪም፣ «ጋኔን አይደለም፣ አባቴ። ሕፃን ከሚያስፈራት ነገር ማምለጫ ስታጣ በውስጧ ሌላ ሰው ፈጥራ ትሸሸጋለች» አለኝ።

«መርፌ ስጣትና ይልቀቃት።»

«መርፌ የለውም። ዓመት ቢፈጅም ታግሶ ማነጋገር ነው። በልጅነቷ ምን ያስፈራት ነበር?»

አላውቅም አልኩት። ዋሸሁ። ባጠፋች ቁጥር ማገዶ ቤት አስገብቼ የምቆልፍባት እኔ ነበርኩ። ከግድግዳው ማዶ በሶማልኛ የምታባብላት ጎረቤታችን ሐዋ ነበረች። «ልጄን አታሞላቅቂብኝ» ብዬ እሷንም ተቆጥቻታለሁ።

ስንመለስ አልማዝ ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመች። አስተያየቷ ተለወጠ። እንደማታውቀው ሽማግሌ «አዴር»፣ አጎቴ፣ ብላ ጠራችኝና በሶማልኛ፣ «የአልማዝ አባት ቤት አለ? እሱ ካለ አልገባም» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮኽባት ነበር።

«የለም» አልኳት፣ እኔም በሶማልኛ።

እጄን ይዛ ተከተለችኝ።