በቴፑ መጨረሻ ያለው እግርሽ

ለአስካለ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛው በረዶ ወረደ። ደጁን ዛሬም ራሴ ነኝ የጠረግሁት። ልጃችን ኤርሚያስ ከሚኖርበት ከኦቤትስ እየመጣ ሊጠርግልኝ ይፈልጋል፤ እምቢ አልኩት። ቤቱን ሽጠህ እኔ ጋ ግባ የሚለውንም እምቢ ብያለሁ። ተሽከርካሪ ወንበርሽን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። ጎማው ምንጣፉ ላይ የተወው መስመር ግን አልጠፋም፤ እንዳልረግጠው ተሻግሬው ነው የማልፈው።

ይህን የምጽፍልሽ ወጥ ቤት ሆኜ ነው። አጠገቤ የቋንጣ ማድረቂያሽ እየሠራ ነው። ውስጡ ግን ሥጋ የለም፤ የልጅሽና የጓደኞቹ ቴፕ ነው ያለው። ያ እዚህ ከቤቱ ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ የቀዱት፣ ዴዝ ሜታል የሚሉት ጩኸት። «ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያጓራው?» ያልሽለት ካሴት ዛሬ ክላሲክ ሆኗል ይሉኛል። ከማናውቀው አገር ሰዎች ኤርሚያስን ኮል እያደረጉ ይጠይቁታል። አንድ ድርጅት በሸክላ ሊያወጣው ፈልጎ ካሴቱ የተባዛበትን ዋናውን ቴፕ ላኩልኝ አለ። በፖስታ የሚሄድ ነገር የለም አልኩ። እዚሁ እኔ አጫውቼ ድምፁን በኮምፒውተር እንልክለታለን።

ቴፑ ግን ታሟል። በዕድሜ ብዛት እርጥበት ስቦ ሙጫ ሆኗል። እንዲሁ ቢጫወት ድምፁን የያዘው ቡናማ ዱቄት ይላጥና ማሽኑ ላይ ይቀራል፤ ያኔ አበቃለት። መድኃኒቱ በዝግታ ማድረቅ ነው። ሙቀቱ ከበዛ ይጨማደዳል፣ ካነሰ አይድንም። የምድጃው ሙቀት ስለሚዋዥቅ አላመንኩትም። የአንቺ ማድረቂያ ይሻላል። አትቆጪ እንጂ፣ ቴፑ እንዲገባ የትሪዎቹን መሐል በመጋዝ ቆርጬዋለሁ። ደጋግሜ አጥቤውም ክዳኑን ባነሳሁ ቁጥር አዋዜ አዋዜ ይሸተኛል። አንዲት የበርበሬ ፍሬ ቀርታ ቢሆንስ? ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ተነስቼ ቴርሞሜትሩን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ጽሕፈቴ ቢቆራረጥ ከዚህ ነው፤ ከእርጅና እንዳይመስልሽ።

የምሰጋው ለዘፈኑ አይደለም። ያኔም አልወደድኩትም፣ አሁንም አልወደውም።

ያን ክረምት ታስታውሻለሽ? ከበሮው የውሃ ማሞቂያው ጎን፣ የአልጋችን ፍራሽ ሳይቀር ግድግዳው ላይ ቆሞ፣ የጓደኛው የቶም ጊታር ሳህኖችሽን እያንቀጫቀጨ። እኔ ከተጣለበት አንስቼ የጠገንኩት መቅጃ አጠገብ ተቀምጬ። ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነስ ያጉረመርማል ብዬ አጠፋሁት። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ በኛ ጩኸት ውስጥ ማን ይሰማዋል አሉ። እኔ እሰማዋለሁ አልኳቸው። የሚቀዳ ነገር በደንብ ይቀዳል፤ ዛሬም ቢሆን አጠፋዋለሁ። አንቺ ከላይ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ጋቢ ደርበሽ ትቀመጫለሽ። ብርዱ ሲብስብሽ ወለሉን በተረከዝሽ ልትመቺ፣ እኔም ወዲያው ላበራው ተስማምተናል። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ስለ ሞት ይጮሃል፣ የምሞተው ግን እኔ ነኝ!» ብለሽ በደረጃው ስትጮኺ ኤርሚያስ ሳቁን መያዝ አቅቶት አንድ ዘፈን እንደገና ጀመሩ።

የመጨረሻው ዘፈን እንዳለቀ ነው የመታሽው። ካሴቱን ሲያባዙ ርዝመቱ አልበቃ ብሎ ሁለት ምት ብቻ ገባና ተቆረጠ። አድማጮቹ የሬሳ ሣጥን ሲቸነከር ነው ብለው ይከራከራሉ አሉ። እናቴ በርዷት ነው ቢላቸው ኤርሚያስን አያምኑትም።

እኔ ሦስቴ ነው የመታሽው እላለሁ። ኤርሚያስ «ዳድ፣ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ ቱ ነው» ይለኛል። እሱ የሰማው ካሴቱን ነው። ቶምም ሁለት ይላል። ከዚያ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የመኪና ቁልፌን ሊወስዱብኝ ያሰቡ ቀን እንደተያዩት። አንዳንዴ እኔም እጠራጠራለሁ፤ ይህን ላንቺ እንጂ ለነሱ አልነግራቸውም። ቴፑ ከተላጠ ሁለት ሆኖ ይቀራል። በስልኮቹ ቪዲዮ ላይ ያለሽው አንቺ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነሽ፣ ድምፅሽም የሕመምሽ ድምፅ ነው። ቆመሽ፣ እግርሽ ቤቱን ሲያናውጠው፣ ከዚህ ቴፕ በቀር የትም የለሽም።

የማድረቂያው ደወል ጮኸ። ላውጣው።

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት በማግስቱ ነው።

ኤርሚያስና ቶም ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ቶም ጸጉሩ አልቋል፤ የጭነት መኪና ይነዳል፤ አንቺን ግን ዛሬም «እትዬ» ነው የሚልሽ። ቴፑ መጣበቅ ከጀመረ ሲጢጥ ይላል፤ ያን ቶሎ መስማት ስላለብኝ ፈርነሱን አጠፋሁ። ካፖርታችንን ለብሰን ተቀመጥን። ጣቴን ማቆሚያው ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ ቴፑ የሚያልፍበትን ብረት በጥጥ እጠርጋለሁ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ ይመለሳል። እሱን ባየሁ ቁጥር አልተረጋጋሁም፣ ጭራሽ ባሰብኝ፤ መጨረሻው ገና ነበርና። ኤርሚያስ ያን የልጅነት ጉሮሮውን ሲሰማ አቀረቀረ።

የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። መታሽ። ደግመሽ መታሽ። ካሴቱ የሚቆረጥበት ላይ ደረስን፤ ቴፑ ዝም ብሎ ይዞራል። ኤርሚያስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ የድል ነገር አልነበረም፣ ያዘነልኝ ይመስላል። እሱ ነው የከፋኝ።

ከዚያ ሦስተኛው መጣ።

«አየህ!» ልል አፌን ስከፍት አራተኛው ወረደ። የድምፅ ማጉያው ጨርቅ እስኪርገበገብ ድረስ። አራተኛውን እኔም ረስቼው ነበር። ማብራቱን አዘግይቼብሽ ተናደሽ ኖሯል።

እግሬ ሳላዘው ተነስቶ ወደ ፈርነሱ ሄደ። «ዳድ፣ ቴፑ እኮ ነው» አለኝ ኤርሚያስ። አውቃለሁ አልኩት፤ አበራሁት። ቴፑ ላይ የድሮው ፈርነስ እፍ ብሎ ሲነሳ፣ ወዲያው ከፊቴ የአሁኑ ተነሳ። ቶም «እትዬ ዋዝ ማድ!» ብሎ በቁጣሽ ሳቀ፤ ኤርሚያስም እየሳቀ ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ።

አራቱም ሸክላው ላይ ይገባሉ፤ አንዱ ከጎደለ ቴፑን አላስነካም ብያቸዋለሁ፣ ተስማምተዋል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ አራት እላለሁ። ምናልባት ከዚህ የባሰ አርጅቼ ሦስት ነው ብዬ ብከራከር፣ ኤርሚያስ እንዲያርመኝ ነግሬዋለሁ። እኔም እሺ ልለው ላንቺ ቃል ገብቻለሁ።

ቤቱ ሞቋል።

ያንቺው ሰውዬ